ልጄ ፒቸር ነው፤ ክርኑን ያመዋል። ምን ላስተምረው?

ደብዳቤው

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። 11 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። ቤዝቦል ይጫወታል፣ ፒቸር ነው፤ ኳሷን በዱላ ለሚመታው ልጅ የሚወረውረው ማለት ነው። እኔ የማውቀው ኳስ በእግር የሚመታውን ነው። ኮቹ ግን «ልጅህ ተሰጥኦ አለው» እያለ ከሰፈሩ የልጆች ሊግ፣ ከሊትል ሊግ ሌላ፣ ትራቭል ቲም በሚሉት ከቦታ ቦታ እየሄደ በሚጫወት ቡድን ውስጥም አስገብቶታል። ቅዳሜ ለአንዱ፣ እሁድ ለሌላው ይወረውራል። አንዳንዴ ወርውሮ ሲጨርስ የካቸር፣ የኳስ ተቀባዩን፣ ማስክ አጥልቆ እዚያው ይቀጥላል።

ባለፈው ሳምንት መኪና ውስጥ ክርኑን ሲያሻሽ አየሁት። «ምን ሆነህ ነው?» ስለው «ከውስጥ በኩል ትንሽ ያመኛል፤ ለኮች እንዳትነግር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ከሥራ ስገባ ዩቲዩብ ላይ ስለ አወራወር ሳይ አመሻለሁ። አንዱ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ። ጓደኛዬ ደግሞ «ከርቭቦል፣ ታጥፋ የምትሄደውን ኳስ፣ አስተምረው፤ ጉልበት ስለማይፈልግ እጁ ያርፋል» ይለኛል። ባለቤቴ «ይተወውና ሒሳቡን ያጥና» ብላለች። እጁን ሳይጎዳ በትክክል እንዲወረውር ምን ላስተምረው?

ግራ የገባው አባት

መልስ

ወንድሜ፣ ስለ አወራወሩ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር እንጨርስ። ልጅህ ክርኑን እያመመው አንድም ኳስ እንዳይወረውር። የፊታችን ቅዳሜም፣ እሁድም። «ቀስ ብሎ ይወርውር» የሚባል ነገር የለም። ማስታገሻ ሰጥቶ ማሰለፍማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ሕመሙ ይደበቃል እንጂ ጉዳቱ የትም አይሄድም።

ሐኪም ጋ ውሰደው። ከልጁ መደበኛ ሐኪም ጀምር፤ እሱ የሕፃናት አጥንት ወይም የስፖርት ጉዳት ሐኪም ጋ ይልክሃል። ራጅ ሊያነሡት ይችላሉ። ሁለቱንም ክርን ቢያነሡ አትደንግጥ፣ የሚያመውን ከደህናው ጋር ለማስተያየት ነው። ክርኑ ካበጠ፣ እጁን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ካቃተው ወይም ትንሿ ጣቱ ከደነዘዘች ግን ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቅ።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨናነቅ ልንገርህ። የ11 ዓመት ልጅ አጥንት ገና እያደገ ነው። ጫፍ ጫፉ ላይ የሚያድግበት፣ ያልጠነከረ፣ ልስልስ ክፍል አለው። አዋቂ ፒቸር ከልክ በላይ ሲወረውር የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ ጅማቱ ነው። ልጅ ላይ ግን ከጅማቱ ቀድሞ የሚሸነፈው ያ ማደጊያው ነው። ኳስ በወረወረ ቁጥር ይጎተታል፤ ሲደጋገም ይቆጣል። ሐኪሞቹ «ሊትል ሊግ ኤልቦው» ብለው ይጠሩታል። እስቲ አስበው፣ የልጆች ሊግ ስም የሕመም መጠሪያ ሲሆን! ትከሻ ላይ ሲሆን ደግሞ «ሊትል ሊግ ሾልደር» ይሉታል። የልጅህ ሕመም ይህ ነው ወይስ ሌላ፣ ሐኪሙ ይንገርህ። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ዋናው መድኃኒቱ ዕረፍት ነው። ሳምንታት የሚፈጅ ዕረፍት።

እኔ ይህን ያወቅሁት ተቃጥዬ ነው። የእኔ ልጅ 12 ዓመቱ ሳለ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። ጨዋታ ላይ የሚወረውረውን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ «ሕጉን አላለፈም» እያልኩ እኩራራ ነበር። ማታ ግን ከአፓርታማችን ጀርባ፣ ፓርኪንጉ ላይ፣ ጓንት አጥልቄ ሌላ ሠላሳ አርባ አስወረውረዋለሁ። ያንን አልቆጥረውም። ልምምድ ነዋ!

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ትሪው ዙሪያ ተቀመጥን። ልጁ በግራ እጁ ቆርሶ ጎረሰ። እናቱ ዓይኗን አፈጠጠችበት። «ምን ዓይነት ሥርዓት ነው?» ብላ እጁን መታ አደረገችው። ዝም አለ። ትንሽ ቆየና እንደገና በግራው። ያኔ ነው ቀኝ እጁን ያየሁት። ጭኑ ላይ አስቀምጦታል፤ ክርኑ እንደታጠፈ ቀርቷል። ጉርሻዬ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ስንት ቀን ሆኖት እንደነበር እስከ ዛሬ በትክክል አልነገረኝም። አሁን 26 ዓመቱ ነው፣ ክርኑም ደህና ነው። እኔ ግን ያቺን ትሪ አልረሳትም።

ያንተ ልጅ መኪና ውስጥ ነገረህ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አትቆጣው። «ለምን እስካሁን ደበቅከኝ?» እያልክ አታፋጥጠው፤ አለዚያ የሚቀጥለውን ጊዜ አይነግርህም። እኛ ደግሞ ልጆቻችንን «ቻል አድርገው፣ ወንድ ልጅ አይደለህ?» እያልን ነው የምናሳድገው። ይህ አባባል ለብዙ ነገር ሊጠቅም ይችላል፤ ለፒቸር ክርን ግን መርዝ ነው። እዚህ አሜሪካ በወጣት ፒቸሮች ላይ በተደረገ ጥናት፣ እጃቸው ደክሞ እያለ አዘውትረው ይወረውሩ የነበሩት ቀዶ ሕክምና ላይ የመውደቅ ዕድላቸው 36 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። በመቶኛ መስሎህ እንዳታልፈው። 36 እጥፍ።

አሁን ወደ አወራወሩ። የት እንዳደግህ አልነገርከኝም። ቡሄ ላይ ጅራፍ አጩኸህ የምታውቅ ከሆነ ግን ዩቲዩብ ላይ ስትፈልግ የምታመሸውን ግማሹን ድሮ ታውቀዋለህ።

ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ላይ ነው። ጉልበቱ ግን ከዚያ አይመጣም። ከእግር ይነሣል። ወገብ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተላል፣ ከዚያ ክንድ፣ ከዚያ እጀታው፣ ከዚያ ገመዱ፣ መጨረሻ ላይ ጫፉ ጧ! በክንዱ ብቻ ሊያጮህ የሚታገል ልጅ አይተህ ይሆናል። ጅራፉ አይጮኽለትም፤ ዞሮ የራሱን ጆሮ ይገርፈዋል። ፒቸርም እንደዚያው ነው። የልጅህ ክንድ የጅራፉ ጫፍ ነው። ጅራፉ ከእግሩ ጀምሮ ያለው መላ ሰውነቱ ነው። እግሩና ወገቡ ያልሠሩትን ሥራ ክርኑና ትከሻው ይከፍሉታል። ታላላቆቹ ፒቸሮች ሲወረውሩ ክንዳቸው ትከሻቸው ላይ የሚሽከረከርበት ፍጥነት በሰከንድ ወደ 7,000 ዲግሪ ይጠጋል። በዚያ ፍጥነት ቢቀጥል በአንድ ሰከንድ 19 ጊዜ ዞሮ ይጨርስ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በክንድ ጡንቻ ብቻ እሠራለሁ ማለት እብደት ነው።

እንግዲህ ሐኪሙ «ይወርውር» ሲል፣ ከዚያ በፊት አይደለም፣ እንዲህ ትጀምራላችሁ። ቀኝ ነው ብዬ ልነሣ፤ ግራኝ ከሆነ ገልብጠህ አንብበው።

መጀመሪያ ይሩጥ። ሜዳውን ሁለት ሦስት ጊዜ ይዙር፣ ይዝለል፣ ያልበው። እየወረወረ አይሙቅ፤ ሞቆ ይወርውር። ከዚያ ከቅርብ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ኋላ እየራቀ ኳሷን ይቀባበል።

አያያዙ ብዙ አያስቸግርም። ኳሷ ከ142 እስከ 149 ግራም ነው የምትመዝነው፤ ቆዳዋ በቀይ ክር የተሰፋ ነው። ስፌቱ የፈረስ ኮቴ ብረት ቅርጽ ይዞ የሚታጠፍበትን ቦታ ፈልግ። ጠቋሚና መሐል ጣቱ እዚያ ላይ፣ ስፌቱን አቋርጠው ይረፉ፤ አውራ ጣት ከሥር። መዳፉና ኳሷ እንዳይነካኩ፣ መሐላቸው ብርሃን ይታይ። እጁ ትንሽ ከሆነ በሦስት ጣት ቢይዝ ማንም አይከስሰውም። አጥብቆ ከጨበጠ ግን ክንዱ እስከ ትከሻው ይገትራል።

ዋናው ነገር እግር ላይ ነው። እዚህ ላይ ጊዜህን አጥፋ። ጠመኔ ግዛና ፓርኪንጉ ላይ ከቆመበት ከኋላ እግሩ ተረከዝ ተነሥተህ ወደ ዒላማው ቀጥ ያለ መስመር አስምር። የፊት እግሩን አንሥቶ ወደ ፊት ሲረግጥ እግሩ እዚያ መስመር ላይ ወይም አጠገቡ ይረፍ፤ ጣቶቹ ወደ ዒላማው፣ ትንሽ ብቻ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ። የእርምጃው ርዝመት ከቁመቱ ትንሽ ቢያንስ ነው። መስመሩን አልፎ ወደ ቀኝ ከረገጠ በራሱ ሰውነት ላይ አቋርጦ ሊወረውር ነው። ወደ ግራ ራቅ ብሎ ከረገጠ ደግሞ ወገቡ ያለ ጊዜው ይከፈትና ክንዱ ወደ ኋላ ይጎተታል። ሁለቱም ክርኑ ላይና ትከሻው ላይ ነው የሚያልቁት። ዩቲዩብ ላይ ያየኸውን ሁሉ ብትረሳው እንኳ ይቺ የጠመኔ መስመር ትበቃሃለች።

ቀጥሎ ስልክህን አውጣ። ከጎኑ ቁም፤ ለመወርወር ሲዘጋጅ ደረቱ በሚያይበት በኩል ማለት ነው። ስሎው ሞሽን አድርገህ ቅረጸው። ከዚያ አንዲት ቅጽበት ላይ አቁመህ እይ፤ የፊት እግሩ መሬት የምትነካበት ላይ። ክርኑ የት ነው? ከትከሻው ጋር እኩል ገደማ ከሆነ ጥሩ ነው። ኳሷስ? እጁ ከፍ ብሎ ኳሷ ከክርኑ በላይ ከሆነች ክንዱ በሰዓቱ ደርሷል። እግሩ አርፎ ኳሷ ገና ጭኑ አካባቢ ከሆነች ክንዱ ዘግይቷል፤ የቀረውን መንገድ እየተጎተተ ነው የሚሄደው። ክርኑ ከትከሻው በታች ተንጠልጥሎ ከቀረም ያው ነው። ታዲያ «ክርንህን አንሣ!» እያልክ አትጩህበት። እኔ ስጮህ የእኔ ልጅ ክርኑን ብቻ አንሥቶ ሌላው ሁሉ ተበላሸበት። ብዙ ጊዜ ችግሩ እግሩ መቸኮሉ ነው። እጆቹን ቀደም ብሎ ከጓንቱ እንዲለያይ ንገረውና እንደገና ቅረጸው።

ወገብ ከትከሻ ይቀድማል። ይህን በቃል ከማስረዳት ጅራፉን ማሳየት ይቀላል።

የመጨረሻው ደግሞ ብዙ አባት የማያየው ነው። ኳሷ ከእጁ ከወጣች በኋላ ምን ይሆናል? ሁላችንም ኳሷን ተከትለን ወደ ካቸሩ ነው የምናየው። አንተ ልጁን እይ። ክንዱ ወርውሮ እንዳበቃ ድርቅ ብሎ ከቆመ ያን ሁሉ ፍጥነት ትከሻው ብቻውን ፍሬን ሊይዝ ነው። መኪና ትነዳለህ አይደል? ድንገት ፍሬን ስትረግጥ ምን እንደሚያልቅ ታውቀዋለህ። እጁ ሰውነቱን አቋርጦ እስከ ግራ ጉልበቱ ይውረድ፤ ጀርባው ይጎንበስ፤ የኋላ እግሩም ተነሥቶ ይከተለው። ጎንበስ ብሎ ሳር የሚያነሣ ይመስል።

ለልምምድ ሁልጊዜ ኳስ አያስፈልገውም። ትንሽ ፎጣ ጣቶቹ መሐል አስይዘው። አንተ ጓንት ይዘህ ከፊቱ ቁም፤ ሙሉ እርምጃውን ተራምዶ ጓንቱን በፎጣው ይምታው። ሳሎን ውስጥም ይሠራል፤ መብራቱንና የቡና ስኒውን ብቻ ራቅ አድርጉ። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ አርሙ። እግሩን ስታርም ስለ ክርኑ አታንሣ። ለአሥር ደቂቃ ከሠራችሁ ይበቃል።

ይህን ሁሉ አወራሁና አሁን ልቤ ውስጥ ያለውን ልንገርህ። ጥሩ አወራወር ጥሩ ነው። ግን ቆንጆ አወራወር ይዞ መቶ አሥር ጊዜ የሚወረውር ልጅ፣ ሻካራ አወራወር ይዞ አርባ ከሚወረውር ልጅ ይበልጥ ያሰጋኛል። ጅራፍ ምንም ያህል በጥበብ ቢጮህ ጫፉ ይሳሳል። እዚህ ላይ ደግሞ የቤዝቦል ዕውቀት አያስፈልግህም። መቁጠር ነው የሚያስፈልግህ።

ሊትል ሊግ ከ2007 ጀምሮ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ልጆች የሚወረውሩትን በቁጥር ገድቧል። 11 እና 12 ዓመት የሆነ ልጅ በቀን ከ85 አያልፍም። ከ9 እስከ 10 ለሆነው 75 ነው። ከዚያ ዕረፍቱ አለ። 14 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ያርፋል። ከ51 እስከ 65 ሦስት ቀን፤ ከ36 እስከ 50 ሁለት ቀን፤ ከ21 እስከ 35 አንድ ቀን። 85 ጣሪያ ነው፣ ግብ አይደለም። ልጁ 45ኛው ላይ ከዛለ ጨዋታው 45ኛው ላይ አለቀ።

አሁን የልጅህን ቅዳሜና እሁድ እንይ። ቅዳሜ 60 ወረወረ እንበል። በሕጉ እስከ ረቡዕ ኳስ አይነካም፣ ፒቸር ሆኖ ማለቴ ነው። እሱ ግን እሁድ ለሌላው ቡድን 50 ይጨምራል። በሁለት ቀን 110! የቅዳሜው ኮች 60 ያውቃል። የእሁዱ ኮች 50 ያውቃል። ሁለቱም ሕግ አክባሪ ናቸው። 110ሩን የሚያውቀው ሰው ማነው? አንተ ብቻ ነህ። ሁለቱም ሜዳ ላይ ያለኸው፣ ፓርኪንጉም ላይ ያለኸው፣ መኪናውን የምትነዳው አንተ ነህ። ሞያህ ይህ ነው። ትንሽ ደብተር ግዛ፤ ቀን፣ ቡድን፣ ስንት ወረወረ፣ ምን አለ። «ምን አለ» የሚለው ዓምድ አይቅር። «ደህና ነኝ» ያለበትን ሁኔታ ጭምር ጻፍ።

የካቸሩ ነገር ደግሞ ይብሳል። ካቸር እያንዳንዷን ኳስ ተቀብሎ መልሶ ይወረውራል። በሊትል ሊግ ሕግ በቀኑ 41 እና ከዚያ በላይ የወረወረ ፒቸር በዚያ ቀን ካቸር መሆን አይችልም። ጥሩ ክንድ ያለው ልጅ ቡድኑ ውስጥ አንድ ብቻ ሲሆን ኮች ይፈተናል፤ ይገባኛል። ግን ልጁ ያንተ ነው።

ከዚህ ሌላ ሜጀር ሊግ ቤዝቦልና ዩኤስኤ ቤዝቦል በ2014 «ፒች ስማርት» የሚል መመሪያ አውጥተዋል። ከ9 እስከ 12 ላሉ ልጆች በዓመት ከ80 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) በላይ እንዳይወረውሩ፣ በዓመት ቢያንስ አራት ወር ፒች እንዳያደርጉ፣ ከዚያም ውስጥ ሁለት ሦስቱን ወር በተከታታይ ከትከሻ በላይ የሆነ ውርወራ በሙሉ እንዲያቆሙ ይመክራል። በአንድ ወቅት ለሁለት ቡድን መወርወርንም አይደግፍም። ስለዚህ አንዱን ምረጡ። ሁለቱንም መጫወት የግድ ከሆነ ለአንዱ ብቻ ይወርውር፤ ሌላው ጋ ፈርስት ቤዝ ይቁም። ክረምት ሲገባ ደግሞ «ኢንዶር አካዳሚ አለ፣ ዋጋውም ቅናሽ ነው» የሚል ሰው ይመጣብሃል። አንተ የምታውቀውን ኳስ በእግር ይምታ። ለወገቡም ለእግሩም ከዚያ የተሻለ የለም።

ኮቹን እንዴት ታናግረዋለህ? ይሉኝታ እንደሚይዝህ አውቃለሁ። ሰውየው ልጅህን ወዶልሃል፣ በበጎ ፈቃድ ነው የሚሠራው፣ አንተም ጨዋታውን አታውቀውም። ረጅም ማብራሪያ ውስጥ አትግባ። «ክርኑን አሞታል። ሐኪም እስኪያየው አይወረውርም።» ሁለት ዓረፍተ ነገር። ይቅርታ አትጠይቅ። ደህና ኮች ከሆነ ያመሰግንሃል። ፊቱን ካጠቆረም የቡድን መቀየሪያ ምክንያት ሳትፈልግ አገኘህ። ከዚያ በፊት ግን ለልጅህ ንገረው። «ለኮች እነግረዋለሁ፤ የምነግረውም እንዲህ ብዬ ነው» በለው። ከጀርባው የሄድክ እንዳይመስለው።

ወደ ከርቭቦሉ። ጓደኛህ በቅን ልቦና ነው፤ ግን እጁ አያርፍም። እዚህ ነገር ላይ ባለሙያዎቹም ይከራከራሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ ሲለካ ከርቭ ክርን ላይ የሚያመጣው ጫና ከፋስትቦል፣ ከተለመደችው ፈጣን ኳስ፣ አልበለጠም። ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን በተከታተለ ሌላ ጥናት ግን ከርቭ የሚወረውሩት ትከሻቸውን፣ ስላይደር (ፈጥና ሄዳ ወደ ጎን የምትሸሽ ኳስ) የሚወረውሩት ደግሞ ክርናቸውን ይበልጥ ሲያማቸው ታይቷል። እኔን ከጠየቅከኝ የ11 ዓመት ልጅ ከርቭ አያስፈልገውም። ሲማሩት እጃቸውን እንደ በር እጀታ ይጠመዝዙታል፤ በዚያ ላይ ባቲንግ የቆሙት እኩዮቹ ስለሚሳሳቱለት ደስ ይለውና ሌላ ነገር መማር ያቆማል። ቼንጅአፕ ይማር። አወራወሩ ከፋስትቦል ጋር አንድ ነው። ኳሷን ብቻ ወደ መዳፉ ጠለቅ አድርጎ፣ ጣት ጨምሮ ይይዛታል፤ ስለዚህ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ላቦራቶሪ ውስጥም ክንድ ላይ በጣም ትንሹን ጫና የሚያደርሰው እሱ ነው። ጓደኛህ የፈለገው ዕረፍት እዚህ ነው ያለው።

ምናልባት አንድ ሰው «ቢጎዳስ ቶሚ ጆን ያሠራል፤ እንዲያውም ክንዱ ይጠነክራል» ይልህ ይሆናል። ሜዳ ዳር ይህን የሚሉ ወላጆች በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቶሚ ጆን የዶጀርስ ፒቸር ነበር፤ የክርን ጅማት ቀዶ ሕክምናው በእሱ ስም ነው የሚጠራው። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስዶ በተበጠሰው የግራ ክርኑ ውስጥ ተከለለት። አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላም 164 ጨዋታ አሸነፈ። ሲያገግም ያሳለፈውን ያን ሁሉ ጊዜ ግን ማንም አያወራውም። ቀዶ ሕክምናው የፈረሰውን ይጠግናል። ደህናውን ክንድ ሲያበረታ አልታየም።

እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ ያለውን ደግሞ አትርሳ። ስቲቨን ስትራስበርግ በ2010 ለዋሽንግተን ናሽናልስ ተሰልፎ በመጀመሪያው ጨዋታ 14 ሰው ስትራይክአውት ሲያደርግ፣ ማለትም ኳሷን መምታት አቅቷቸው ሲያስወጣቸው፣ ከተማው አብዶ ነበር። ያኔ ታክሲ ነበር የምነዳው፤ ቤዝቦል የማያውቀው ተሳፋሪ ሁሉ ስሙን ይጠራ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላው ክርኑ ተቀደደ። በ2011 መጨረሻ ላይ ተመለሰ፤ በ2012 ክለቡ ልክ አበጀለት። 159 ኢኒንግ ከሲሶ ላይ አስቆሙት፤ ያውም ቡድኑ ሊጉን እየመራ፣ የማጣሪያው ጨዋታ ደጃፍ ላይ ቆሞ። ስንቱ ተሳደበ! በዚያ ዓመት ተሸነፉ። በ2019 ግን ዋንጫውን ሲበሉ የዎርልድ ሲሪሱ ኮከብ እሱ ነበር። በኋላ ሌላ ጉዳት ደርሶበት ከጨዋታ ወጥቷል፤ መጠንቀቅ ሁሉን አያስቀርም። እኔ የማስበው ግን ያን ቀን ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የፈሰሰበት ክለብ «ይብቃው» ማለት ከቻለ አንተ ለቅዳሜ ጠዋት ጨዋታ «ይብቃው» ማለት አያቅትህም።

ባለቤትህን በሚመለከት ጣልቃ አልገባም። ፍርሃቷ ግን ልክ ነው። ደብተሩን አሳያት። ቁጥሩን እሷ ብትይዘው ደግሞ የተሻለ ነው፤ የእኔ ባለቤት ከዚያች እሁድ በኋላ መቁጠሪያውን ከእጄ ነጥቃ ወስዳ አንዲት ኳስ እንኳ አልፋት አታውቅም። ኮቹ ራሱ ቁጥሩ ሲጠፋው እሷን ነበር የሚጠይቀው። ሒሳቡም ቢሆን የትም አልሄደም፤ 85 ሲቀነስ 60 ስንት እንደሆነ ልጁ ራሱ ይንገራችሁ።

ሐኪሙ ያለህን ጻፍልኝ። ሰኔ ላይ «ይረፍ» ብሎት ወቅቱ ቢያልፍበት ያለቅሳል፤ ያልቅስ፣ አብረኸው ቁጭ በል። ቡሄ ኦገስት 19 ነው። ያን ሰሞን ደግሞ ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ዊሊያምስፖርት ላይ፣ የሊትል ሊግ የዓለም ሻምፒዮና ይካሄዳል፤ በቲቪ ይታያል። አብራችሁ እዩት። እያንዳንዱ ፒቸር የፊት እግሩን ሲያሳርፍ ክርኑ የት እንዳለ እሱ ይንገርህ፣ አንተ አዳምጥ። ጅራፍ ካገኘህ ደግሞ ፓርክ ውሰደውና ሰው የሌለበት ጥግ ፈልገህ አጩህለት። «እኔም ልሞክር» ማለቱ አይቀርም። በግራ እጁ።